ክሊኒካል ፋርማሲስት ዋርድ ውስጥ ምን ይሠራል? ወደ ሙያው የሚገባውስ እንዴት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ታካሚ ይዞ ሆስፒታል የገባ አስታማሚ ፋርማሲስትን የሚያውቀው በመስኮት በኩል ነው። ማዘዣውን ያስገባል፣ ዋጋ ይነገረዋል፣ ከፍሎ ሲመለስ መድኃኒቱን ይቀበላል። ስለዚህ ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ በአልጋ የሚዞር፣ ጋውን የለበሰ፣ ግን ልብ የማያዳምጥ፣ መርፌም የማይወጋ፣ የታካሚው መዝገብ (ቻርት) ላይ አቀርቅሮ ካልኩሌተር የሚነካካ ሰው ሲያይ ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ያ ሰው ክሊኒካል ፋርማሲስት ነው። ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ የታዘዘው መድኃኒት ለዚህኛው ታካሚ፣ ለክብደቱ፣ ለኩላሊቱ፣ አብረው ለሚሰጡት ሌሎች መድኃኒቶች የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ፤ ካልተስማማ ደግሞ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲታረም ማድረግ።

መስኮት ላይ ያለው ፋርማሲስትም ማዘዣ ያጣራል። ግን የሚያየው ወረቀቷን ብቻ ነው። ማዘዣው ሜሮፔነም የሚባለውን አንቲባዮቲክ «1 ግራም በየ8 ሰዓቱ» ቢል ወረቀቱ ላይ ስህተት የለም፤ ለብዙ ሰው ትክክለኛ መጠን ነው። ታካሚዋ 48 ኪሎ መሆኗን፣ ኩላሊቷ መድከሙን፣ ትናንት ማታ ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ሌላ መድኃኒት መጀመሯን የሚናገረው ቻርቱ ነው፤ ቻርቱ ያለው ዋርድ ነው። ፋርማሲስቱ ከመስኮቱ ተነሥቶ ወደ ዋርድ መሄድ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ በዓለም ላይም ቢሆን ያን ያህል የቆየ አይደለም። መነሻው ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስቶች በዋርድ የተመደቡበት ሙከራ ነው። እኛ አገር የፋርማሲ ዲግሪ ከአራት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ብሎ ትምህርቱ ታካሚ ተኮር እንዲሆን የተደረገው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ የከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስለዚህ ዛሬ ራውንድ (የሐኪሞቹን አልጋ በአልጋ ጉብኝት) የሚመሩ ብዙ ሲኒየር ሐኪሞች የሠለጠኑት ዋርድ ውስጥ ፋርማሲስት ባልነበረበት ጊዜ ነው። ይህን ልብ ማለት ወደ በኋላ ለሚነሣው ነገር ይጠቅማል።

ከራውንድ በፊት ያለው አንድ ሰዓት

የክሊኒካል ፋርማሲስት ዋናው ሥራ የሚያልቀው ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ነው። ራውንድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀመር ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዋርድ መገኘት ያስፈልጋል። ራውንድ ላይ ቻርት መግለጥ የጀመረ ፋርማሲስት ሁልጊዜ ከቡድኑ አንድ አልጋ ወደኋላ ነው፤ ያየውን ስህተት ሊናገር ሲል ሐኪሞቹ ስለሚቀጥለው ታካሚ እያወሩ ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የዋርዱን ታካሚ ሁሉ ማዳረስ አይቻልም፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ሌሊት ለገቡት፣ ኩላሊታቸው ወይም ጉበታቸው ለታመመ፣ ዋርፋሪን፣ ኢንሱሊን፣ ዲጎክሲን፣ ፌኒቶይን፣ ጀንታማይሲን ወይም ቫንኮማይሲን ለሚወስዱ፣ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ለታዘዘላቸው፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ነው።

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገልጠው የሐኪሙን ኦርደር ነው። ከነርሶች የመድኃኒት መስጫ ሠንጠረዥ መጀመር ይሻላል። ኦርደሩ የሚናገረው ምን እንደታሰበ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ምን እንደተሰጠ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሕመሙን ምሥጢር ይፈታል። አንቲባዮቲክ ከጀመረ ሦስት ቀን የሆነው ታካሚ ትኩሳቱ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ ወደ ከባዱ መድኃኒት ሊቀይር ያስባል እንበል። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት በሦስት ቀን 9 ጊዜ መሰጠት አለበት። ሠንጠረዡ ላይ ግን የተፈረመበት ሳጥን 4 ብቻ ነው። የቀሩት ለምን ባዶ ሆኑ? መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ አልቆ አስታማሚው ከውጭ ገዝቶ እስኪመጣ ነው? ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ወጥቶ ነው? ሌሊት የነበረችው አንዲት ነርስ ለሠላሳ ታካሚ አልደርስ ብላ ነው? መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት በቅድሚያ መሰጠት አለበት። እዚህ ላይ የሚፈለገው የመድኃኒት ቅያሪ ሳይሆን የቀሩት ዶዞች የቀሩበትን ምክንያት ማስተካከል ነው፤ ይህን ፈልጎ የሚያገኝ ሌላ ሰው በቡድኑ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ኦርደሩ፣ ከዚያ ላቦራቶሪው፣ ከዚያ የሙቀትና የደም ግፊት መዝገቡ ይታያል። በመጨረሻ አልጋው ጋ ሄዶ ታካሚውን ማነጋገር ይመጣል። የሚፈለጉት ችግሮች በጥቅሉ ሰባት ናቸው፦ ሕመም ኖሮ መድኃኒቱ ያልታዘዘ፣ ሕመሙ ሳይኖር የታዘዘ፣ የማይሠራ መድኃኒት፣ ያነሰ መጠን፣ የበዛ መጠን፣ ጉዳት ያስከተለ መድኃኒት፣ ታካሚው ያልወሰደው መድኃኒት። ሰባቱን በቃል መያዝ ቀላል ነው። ከባዱ በየአልጋው ሰባቱንም ሳያሰልሱ መጠየቅ ነው።

አንድ ስሌት እስከ መጨረሻው

ከላይ ያነሣናትን ታካሚ እንውሰድ። ዕድሜዋ 60፣ ክብደቷ 48 ኪሎ፣ ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት የሚያስወግደው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቆሻሻ) በዴሲሊትር 2.0 ሚሊግራም ነው። የኩላሊቷን አቅም ለመገመት የሚሠራበት የኮክሮፍትና ጎልት ቀመር እንዲህ ነው፦ ከ140 ላይ ዕድሜን መቀነስ፣ በክብደት ማባዛት፣ የተገኘውን 72 በክሪያቲኒን ተባዝቶ ለሚመጣው ማካፈል፤ ሴት ከሆነች በ0.85 ማባዛት። 140 ሲቀነስ 60፣ 80 ነው። በ48 ሲባዛ 3840። 72 በ2.0 ሲባዛ 144። 3840 ለ144 ሲካፈል 26.7፤ በ0.85 ሲባዛ 22.7 ሚሊ ሊትር በደቂቃ። ለዚህ ኩላሊት የሜሮፔነም መጠን ግማሹ፣ ማለትም 500 ሚሊግራም፣ በየ12 ሰዓቱ ነው። በየ8 ሰዓቱ 1 ግራም መስጠቱ ከቀጠለ መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ሊያንቀጠቅጣት ይችላል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ በቀላሉ የኢንፌክሽኑ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

እስከዚህ ያለውን ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያም ይሠራዋል። ሙያው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ክሪያቲኒኑ 2.0 ሆኖ የቆመ ነው ወይስ ትናንት 1.1 የነበረ እየወጣ ያለ? እየወጣ ከሆነ ቀመሩ ኩላሊቱን ካለበት በላይ ደህና አስመስሎ ያሳያል፤ እውነተኛው አቅም ከ22.7 ያነሰ ነው። ታካሚዋ በረሃብ ወይም በረጅም ሕመም ሥጋዋ የሟሸሸ ከሆነም እንደዚሁ፤ ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ጡንቻ የሌለው ሰው ክሪያቲኒኑ ዝቅ ብሎ ያታልላል። በሌላ በኩል ኢንፌክሽኑ ከባድ ሆኖ ኩላሊቷ የደከመው በድርቀትና በደም ግፊት መውረድ ከሆነ ፈሳሽ ስታገኝ በአንድ ሁለት ቀን ሊያገግም ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን አንቲባዮቲኩን ቸኩሎ መቀነስ ያን ጊዜ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ጥሩ ክሊኒካል ፋርማሲስት ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ አይሄድም። «ዛሬ ሙሉውን እንስጥ፣ ነገ ጠዋት ክሪያቲኒን ይደገም፣ ካልወረደ ወደ 500 በየ12 ሰዓቱ እንቀንሳለን» ይላል፤ ነገ ጠዋትም ውጤቱን ራሱ ሄዶ ያያል።

ቫንኮማይሲን ከተጨመረ የሚገርመው ነገር የመጀመሪያው ዶዝ በኩላሊት ምክንያት አለመቀነሱ ነው። በጠና ለታመመ ሰው በኪሎ 25 ሚሊግራም ቢታሰብ 48 ኪሎ ለሆነች ሴት 1200 ሚሊግራም ነው። የሚራራቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሰጣጡም በደቂቃ ከ10 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ 1200 ሚሊግራም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። በሃያ ደቂቃ ከወረደ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ ቻርቱ ላይ «ለቫንኮማይሲን አለርጂ» ተብሎ ይጻፋል። የፍጥነት ችግር የነበረው ነገር ታካሚዋን ዕድሜ ልኳን አንድ ጠቃሚ መድኃኒት ያስከለክላታል። የመድኃኒቱን የደም መጠን መለካት በማይቻልበት ሆስፒታል ክሪያቲኒንንና የሽንት መጠንን በየቀኑ መከታተል ብቸኛው መጠበቂያ ነው።

ለነርሶች የሚነገረው ነገር ለሐኪም ከሚነገረው አያንስም። ፌኒቶይን በደም ሥር ሲሰጥ በኖርማል ሳላይን ብቻ ይበጠበጣል፤ በግሉኮስ ከተበጠበጠ ይረጋል። ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለው ሪንገር ላክቴት ጋር በአንድ መስመር አይገናኝም። ፖታሲየም ክሎራይድ በምንም ሁኔታ በቀጥታ በመርፌ አይገፋም፤ በክንድ ደም ሥር በሊትር ከ40 ሚሊኢኩቫለንት በማይበልጥ ተበጥብጦ፣ በሰዓት ከ10 በማይበልጥ ፍጥነት ይወርዳል። አምፑሉ መልኩ ከሌሎች ጋር ስለሚመሳሰል ከዋርድ መደርደሪያ ላይ ለይቶ፣ ምልክት ለጥፎ ማስቀመጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሰው ያድናል።

መድኃኒቱ ከቤት ሲመጣ፣ ወደ ቤት ሲሄድ

ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ምን ይወስድ ነበር? ይህ ጥያቄ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት። «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ተብሎ ከተጠየቀ «አይ» የሚል ሰው፣ ለአስታማሚው «ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል አምጡ» ሲባል አምስት ዓይነት ክኒን ይመጣለታል። ለደም ግፊት የሚወሰደውን ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ ለሕመም ማስታገሻማ ጨርሶ አያስበውም። ስለ ባህል መድኃኒትም ሳይወቅሱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ የተገሠጸ ታካሚ ሁለተኛ አይናገርም።

በሲዳማና በዙሪያው የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸውና ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ዋርፋሪን ክሊኒካል ፋርማሲስት አቅሙ የሚፈተንበት መድኃኒት ነው። ለአብዛኛው ታካሚ አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ የብረት ሚትራል ቫልቭ (የልብ በር) ለተተከለለት ከ2.5 እስከ 3.5። አንዲት እንዲህ ያለች ታካሚ ቲቢ ይዟት ሪፋምፒሲን ስትጀምር ጉበቷ ዋርፋሪንን በፍጥነት ማጥፋት ይጀምራል፤ አይኤንአር ይወርዳል፣ መጠኑ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ይህን ሐኪሞች ያውቁታል። የሚረሳው መጨረሻው ነው፦ ስድስቱ ወር አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ወደ ድሮው ይመለሳል፣ የጨመረው ዋርፋሪን ግን እንዳለ ነው። ደም መፍሰስ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ታካሚዋ ቤቷ ናት። ስለዚህ ቲቢው የሚያልቅበት ቀን ዋርፋሪኑ በተጨመረበት ቀን ቻርቱም ካርዷም ላይ መጻፍ አለበት። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል በተቃራኒው አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ።

ምግቡም ላይ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። «ጎመን አትብይ» ይባላል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቆጮና ጎመን የዕለት ምግብ በሆነበት ቤት ጎመን አትብይ የተባለች ሴት አንድ ሳምንት ትታው በሚቀጥለው ትመለሳለች፤ አይኤንአሯም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ትክክለኛው ምክር «እስከ ዛሬ የምትበዪውን ያህል በየሳምንቱ ብዪ፤ አታብዢ፣ አታቋርጪም» ነው። መጠኑን የሚያስተካክለው ዋርፋሪኑ ነው።

ጾም ሌላው ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም የስኳር ታካሚ ቀትር ላይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ውይይት ጾሙ ከመግባቱ በፊት መደረግ አለበት፤ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር እንዲሆን ይደረጋል ወይም ይቀየራል። በክርስትናም በእስልምናም ለታመመ ሰው የሚፈቀድ ነገር አለ፤ ታካሚው የሃይማኖት አባቱን እንዲጠይቅ ማበረታታት ፋርማሲስትን የሚያስነቅፍ አይደለም።

ሲወጡ የሚሰጠው ምክር ላይ ሰዓትን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «በ8 ሰዓት ውሰዱ» የተባሉ እናት ቀን በ8 ሰዓት አንዴ ብቻ ቢወስዱ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት» ተብሎ ካርቶኑ ላይ መጻፍ አለበት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ፀሐይና ጨረቃ ይሣላል። የሕፃን ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለካ፤ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ቢታሰብ 180 ሚሊግራም፣ ከ120 በ5 ሚሊ ሊትሩ ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጠርሙሱ የ250ው ከሆነ ግን ይኸው 7.5 ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሐዋሳ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ ተገኝቶ ከተነገረም በኋላ «ቤት ሲደርሱ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ያሳዩኝ» ሳይባል ምክሩ አልተጠናቀቀም። ራስ መነቅነቅ ገባኝ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አክብሮት ነው።

ምክሩ ለምን አይሰማም?

ብዙ ወጣት ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው። ትክክለኛውን ነገር ተናግረው ሳይቀየር ይቀራል። ግማሹ ምክንያት ከላይ የተባለው ነው፤ ሐኪሙ ዋርድ ላይ ከፋርማሲስት ጋር ሠርቶ አያውቅም። ሌላው ግማሽ ግን ከአነጋገሩ ነው። በታካሚውና በተማሪዎች ፊት «ዶክተር፣ ይሄ ዶዝ ስህተት ነው» ማለት ትክክል ሆኖም ይከሽፋል። ሬዚደንቱን (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለውን ሐኪም) ከራውንድ በፊት ለብቻው አግኝቶ «ክሪያቲኒኗ ዛሬም ከ2.0 አልወረደም፤ ሜሮፔነሙን ወደ 500 በየ12 እንቀይር?» ቢሉት ራሱ ራውንድ ላይ ያቀርበዋል። ምክር ማስረጃ፣ አንድ ግልጽ አማራጭና የክትትል ዕቅድ ይዞ መቅረብ አለበት። «ዶዙ ይታይ» የሚል ምክር ለሐኪሙ ተጨማሪ ሥራ ነው። አደጋው የደቂቃዎች ከሆነ ግን ወግ አይጠበቅም፤ ፖታሲየም ሊገፋ ሲል እጅ ይያዛል።

ሁለተኛው ችግር አለመጻፍ ነው። በቃል የተሰጠ ምክር የሌሊት ተረኛው ጋ አይደርስም። በክትትል ቅጹ ላይ ችግሩ፣ ማስረጃው፣ የተሰጠው ምክር፣ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ በቀንና በፊርማ መመዝገብ አለበት። በዓመት መጨረሻ ሆስፒታሉ «ክሊኒካል ፋርማሲው ምን ሠራ?» ሲል መልሱ ይኸው ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከባለሙያው እጅ ውጭ ነው። መስኮት ላይ ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠራው የዋርዱ ፋርማሲስት ነው። «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የሄደ ለወራት ይቀራል። የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ የመስኮቱ ሰልፍ ይታያል፣ ዋርድ ውስጥ ሳይታረም ያለፈ ዶዝ ግን አይታይም። ቢያንስ እስከ ቀትር ከዋርድ እንዳይነሣ በጽሑፍ መወሰን ይቻላል።

ወደ ሙያው መግቢያ

መነሻው የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ አምስት ዓመት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፋርማሲ ያስተምራል። የመጨረሻው ዓመት በብዛት ዋርድ ላይ ነው፦ ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ የማህፀንና ጽንስ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለመሥራት ደግሞ የሙያ ብቃት ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። ሁለት ዓመት የሚፈጀው የክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በዲግሪ ብቻ ዋርድ ላይ የሚሠሩ አሉ፤ ራውንድ ላይ በራስ መተማመን የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከማስተርሱ፣ አለዚያ አንድ ዋርድ ላይ ሳያቋርጡ ዓመታት ከመሥራት ነው። በየሦስት ወሩ ዋርድ የሚቀያየር ሰው ሁሉንም ጥቂት ጥቂት ያውቃል፤ ሬዚደንቶቹም ስሙን ሳይዙ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አንዳንዱ የመድኃኒት መረጃ ማዕከል ይይዛል፣ አንዳንዱ በሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የሆስፒታሉን የመድኃኒት ዝርዝር ይቀርጻል፤ ከባለሙያው የሚመጣ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውም በብዛት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ቁጥጥር አሁን ብዙ ሰው የሚፈልግ ዘርፍ ነው። ማስተማርም አለ። ወደ አቅርቦትና ወደ ድርጅት ሥራ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ የኑሮ ነገር ስለሆነ አይፈረድባቸውም፣ ዋርዱ ግን በየጊዜው ልምድ ያለው ሰው ያጣል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ዋርድ ከመግባቱ በፊት አምስት መቶ መድኃኒት ሊያጠና አይሞክር። ውስጥ ደዌ ዋርድ ውስጥ በየቀኑ የሚታዘዙት ሠላሳ አይሞሉም። ሴፍትሪያክሶን፣ ቫንኮማይሲን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ኢናላፕሪል፣ ዲጎክሲን፣ ዋርፋሪን፣ ሄፓሪን፣ ኢንሱሊን፣ ፌኒቶይን፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒቶች። የእያንዳንዳቸውን መጠን፣ በኩላሊት ማስተካከያ፣ አበጣበጥ፣ መከታተያ ምርመራና አብሮ የማይሄደውን በአንድ አንድ ገጽ በእጅ ጽፎ ኪሱ ይያዝ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲታዩ ፖታሲየም ተለክቷል ወይ? ሪፋምፒሲንና ዶሉቴግራቪር አብረው ከሆኑ ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሆኗል ወይ? በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየአልጋው የጠየቀ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ሬዚደንቱ ራሱ «እስቲ ይሄን ዶዝ እይልኝ» ይለዋል።